ከላይ ሲያዩት ማንጎ ያልሆነ ማንጎ

ባለቤቴ ዛፍ የሚያውቀው ከአናቱ ነው። ግንዱን ብታሳዩት፣ ቅርፊቱን ብታስነኩት፣ ፍሬውን ቆርጣችሁ በሰሃን ብታቀርቡለት እርግጠኛ አይሆንም። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ስትሰጡት ግን ጠጋ ብሎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ይቺ አቮካዶ ናት፤ አጠገቧ ያለው ግራቪሊያ ነው፤ ያኛው ደግሞ ዛፍ ሳይሆን ጥላ ስር የቆመ ትራክተር ነው» ይላችኋል። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ አንድ ዛፍ ደስ ካለው ቀና ብሎ አያየውም፤ አስፋልቱ ላይ የወደቀውን ጥላውን አጎንብሶ ያጠናል። ቁልፍ የጠፋበት መስሎት አብሮት የሚፈልግ መንገደኛ ስንት ጊዜ አጋጥሞናል።

የሚሰራው የእርሻ ካርታ በሚያወጣ መስሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው ሁልጊዜ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። መጋረጃው የሚዘጋው ስክሪኑ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ ነው ይላል። እውነቱን እኔ ልንገራችሁ፤ ከፍታ ይፈራል። ወንበሩን ለመስኮቱ ጀርባ ሰጥቶ ያስቀመጠውም ለዚሁ ነው። ከጠፈር ቁልቁል ምድርን ሲያይ የሚውል ሰው አምፖል ሊቀይር በርጩማ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። እኛ ቤት አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ።

ገበሬ ማሳ ላይ የትኛው ዛፍ የት እንደቆመ ከሰማይ መለየት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እኔም መስሎኝ ተናግሬ ግማሽ ቀን ሙሉ ማብራሪያ ሰምቻለሁ። ደን ቢሆን ዛፉ ከዛፍ ጋር ነው። ማሳ ላይ ግን አንድ ለእናቱ ሆኖ በቆሎ መሀል ስለሚቆም፣ ፎቶው ላይ ግማሹ ዛፍ ግማሹ በቆሎ ሆኖ ይደባለቃል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጸባዩን ይከታተሉታል፤ መቼ ቅጠሉን እንደሚያራግፍ፣ መቼ እንደሚያቆጠቁጥ፣ የኛ ዓይን በማያየው ብርሃን ምን ያህል እንደሚያበራ። ያንን ብርሃን ኮምፒውተሩ በቀይ ቀለም ስለሚያሳያቸው ለእነሱ ጤነኛ ዛፍ ማለት ቀይ ዛፍ ነው። በተዋወቅን ሰሞን መናፈሻ ተቀምጠን «እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀይ ነው!» ሲል ዙሪያዬን ባይ ከሳር በቀር ምንም የለም። ቀለም የማይለይ መስሎኝ ከልቤ አዘንኩለት።

እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ ስለምውል ከኔ በላይ ቀርቦ የሚያይ የለም። የተገናኘነውም መንጋጋውን ሊያስነቅል መጥቶ ነው። የጥርሱን ራጅ መብራቱ ላይ ስሰቅለው፣ በደነዘዘ አፉ እየተኮላተፈ፣ በጣቱ እያመለከተ «ይሄ ጥቁሩ ጥላ ምንድነው?» አለኝ። ሕመሙን ረስቶ ምስሉን ወደደው። እኔም እሱን ወደድኩት፤ እንግዲህ ምን ላድርግ።

የኔ ጭንቅ አባቴ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው፤ ድምፁ ከማሳ ማዶ የሚሰማ፣ ሳቁ በቀላሉ የማይገኝ ሰው። እሱ እሺ ካላለ እንደማላገባ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ፈርቼው አይደለም፣ ስለምወደው ነው። እናቴ ደግሞ ማንንም ትቀበላለች፤ ቧንቧ ሊጠግን የመጣን ሰው ሳይቀር «ልጄ፣ አግብተሃል?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት።

ወላጆቼን ሊተዋወቅ ስንሄድ ባዶ እጄን አልሄድም አለ። ጨርቅ ግዛ፣ ጫማ ግዛ፣ ፍራሽም ቢሆን ግዛ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ያመጣው ስጦታ በመስታወት ፍሬም የገባ ካርታ ነበር። የአባቴ የራሱ ማሳ! እያንዳንዷ ዛፍ ከነቀለሟ፣ አጠገቧ ስሟ ተጽፎ። ለወራት ከሥራ ሰዓት ውጪ ሲለፋበት ኖሯል። አባቴ ፍሬሙን ተቀብሎ መስታወቱን በመዳፉ ዳሰሰው፣ ከዚያ ወደኔ ዘረጋው።

«አንቺ አንብቢልኝ፤ ያን መነጽር ደሞ የት እንዳደረግኩት እንጃ።»

ማንበብ ጀመርኩ። ወንዙ ዳር ባህር ዛፍ። «ልክ» አለ አባቴ። አጥሩ ጥግ ሦስት ጥዶች። «ልክ።» ከኩሽናው ጀርባ አቮካዶ። «ልክ ነው!» ድምፁ እየሞቀ መጣ። እናቴ ከወጥ ቤት ጮኸች፣ «የኔ ሎሚስ?» እሷም አለች፣ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ሆና። «ሎሚዬም ሰማይ ገባች!» ብላ እየሳቀች መጣች። አባቴም ሳቀ። እኔ በልቤ የሰርጌን ቀሚስ ማሰፋት ጀምሬያለሁ። ከዚያ ዓይኔ መሀሉ ላይ አረፈና ማንበቤን አቆምኩ።

መሀሉ ላይ ያለው የአባቴ ማንጎ ነው። የሰማይ ስባሪ የሚያክል፣ መሬቱን የተረከበ ዓመት ከፍሬ ያበቀለው፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት ዛፍ። ለሦስት ዓመት አንዲት ፍሬ ባይሰጥም ክፉ አይወራበትም። በየዓመቱ አናቱ ቢጫ ይሆናል፤ በሩቅ ያየ ጎረቤት ሁሉ «ዘንድሮስ አበባው ጉድ ነው!» ይላል፤ ፍሬ ግን የለም። አባቴ ነፋሱን ይረግማል።

«መሀሉስ? ምን ይላል?» አለኝ።

«ያልታወቀ» አልኩ።

«ማነው ያላወቀው?» አለ አባቴ።

ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ስህተት ነው፣ ቀለሙ ተሳስቶ ነው፣ ማተሚያው ነው ይላል። የኔው ጉድ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ «ኮምፒውተሩም እኔም ነን አባባ። ማንጎ መሆኑን ልጅዎ ነግራኛለች። ግን ዓመቱን ሙሉ ተከታትዬዋለሁ፤ ማንጎ ቅጠሉን በማያራግፍበት ወር እሱ ይገረጣል። ከታች ማንጎ ሊሆን ይችላል። ከላይ ግን ማንጎ አይደለም» አለ።

አባቴ ፊቱን አጠቆረ። «ከላይ! ዛፍ ነው ፎቅ ቤት? ታች አንድ ሰው፣ ላይ ሌላ ሰው ይኖርበታል?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት» አለ እሱ፣ ጥያቄው የምር መስሎት።

«ስማኝ ጠፈርተኛው» አለ አባቴ። ስሙ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠፈርተኛው ሆኖ ቀረ። «በእጄ የተከልኩትን ዛፍ ያላወቀ ሰው፣ ልጅህን አውቃታለሁ ቢለኝ አላምነውም። እዚህ መስታወት ውስጥ ማንጎ ብለህ ጽፈህ ስትመጣ ያን ጊዜ ስለሷ እናወራለን።»

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ደሜ ፈልቶ ነበር። «አፈር ስሆን፣ ማንጎ ብለህ ጻፍ። አንዲት ቃል ናት!» አልኩት።

«ጸባዩ የማንጎ አይደለም።»

«የአባቴም ጸባይ የአባት አይደለም፤ ግን አባቴ ነው!»

ፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው አዩን። እሱ ድርቅ እንዳለ ነው። ማንጎ ብሎ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ ያንን ዛፍ አይቶ ማንጎ እንዲህ ነው ብሎ እንደሚማር፣ ከዚያ በየአገሩ ማሳ ላይ ያልሆነውን ሁሉ ማንጎ ማለት እንደሚጀምር አስረዳኝ። በአንድ ማንጎ የተነሳ ሳንጋባ እንቅር ወይ ስለው፣ «ለኮምፒውተሩ ሳልሰጠው ላንቺ አባት ብቻ ልጽፍ እችል ነበር፤ ግን እሳቸው እኮ እውነት ብለው ነው የሚያነቡት» አለኝ። ይህን ሲለኝ አንጀቴን በላው። ግን አላሳየሁትም፤ ቤት እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ሳምንታት አለፉ። እናቴ ስትደውል ካርታው ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ነገረችኝ። ልቤ ዘለለ። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሰቀለው» አለች ቀጥላ።

በመጨረሻ እሱ ለአባቴ ደወለለትና መጥቼ ላረጋግጥ አለው። አባቴ «ማንጎ ብለህ ለመጻፍ ከሆነ ና» አለ። የመስሪያ ቤቱ አለቃ፣ ቆፍጣና ሴት ናት፣ የቢሮውን ድሮን አስፈርማ ሰጠችው፤ «ይሄን ሰብረህ ብትመጣ በሱ ፋንታ አንተን ነው ሰማይ የምልክህ» አለችው። እሱም ድሮኑን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መጣ።

ማሳው ላይ አባቴ ረጅሙን የፍሬ ማውረጃ እንጨቱን ይዞ ቆሟል። እናቴ ጉልበቷ ስለሚያማት ወንበር አስወጥታ፣ ቲያትር እንደምታይ ሰው ከቲማቲሟ አጠገብ ተደላድላለች። ድሮኑ እየጮኸ ተነሳ። የዛፉ ወገብ ደረሰ፣ ትከሻው ደረሰ። አባቴ ድምፁን ወደሰማበት አንጋጦ፣ «ምንድነው የሚጮኸው? ንብ ነው?» እያለ እንጨቱን ወዘወዘ። እንጨቱ ከድሮኑ ብዙ ርቆ ነው የሚወዘወዘው፤ ጠፈርተኛው ግን ሊመታብኝ ነው ብሎ ደነገጠና የመቆጣጠሪያውን እጀታ እስከ ጥጉ ጎተተው። ድሮኑ ሽቅብ ተፈናጥሮ፣ ዞሮ፣ በአፍጢሙ የዛፉ አናት ውስጥ ተደፋ። ጥቂት ቅጠል አራገፈና ጸጥ አለ። የመቆጣጠሪያው ስክሪንም ጠቆረ።

«እንግዲህ አሁን ዛፌ ላይ በእርግጥ ያልታወቀ ነገር አለ» አለ አባቴ።

ጠፈርተኛው ግንዱ ላይ የተደገፈውን መሰላል አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ልወጣልህ አልኩት። «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ መሰላሉን ከኔ ይልቅ አጥብቆ አቅፎ፣ ወጣ። እናቴ ከወንበሯ አመራር ትሰጣለች፤ «ልጄ፣ ከወደቅክ በቀኝ ውደቅ! በግራ ቲማቲሜ ነው!» መሰላሉ ሲያልቅ ቅርንጫፍ ያዘ። ከዚያ ጫማው ብቻ ታየን። ከዚያ ጫማውም ጠፋ። ብዙ ቆየ። ላዩ ላይ ቅጠሉ ተነቃነቀና፣ ሰው ከብርድ ልብስ ውስጥ ብቅ እንደሚል ጭንቅላቱ በዛፉ አናት በኩል ብቅ አለ።

«ድሮኑን አገኘሁት!» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። «አባባ፣ ይሄ ሐረግ ነው!»

አንድ ቅጠል ጣለልን። የማንጎ ቅጠል ቀጭንና ረጅም ነው። ይሄኛው መዳፍ የሚያክል ክብ ነበር። አባቴ አንስቶ በጣቶቹ መሀል አሸው፣ አሸተተው፣ ጠርዙን በጥፍሩ ተከተለው። «ከየት አምጥተህ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ላዩ በሙሉ ይሄ ነው! ማንጎው ከስሩ ነው፤ በግንዱ ጀርባ ወጥቶ እላዩ ላይ ተነጥፎበታል። በየዓመቱ ቢጫ የሚሆነው አበባ አይደለም፤ የሱ ቅጠል ሊረግፍ ሲል ነው!»

«ውሸት ነው» አለ አባቴ፤ እንጨቱን ጣለና መሰላሉን እንኳ ሳይነካ፣ በግንዱ ላይ እጁ ያረፈበትን ቋጠሮ ሁሉ እያወቀ፣ ዘልቆ ገባ። በዚያ እድሜው እንደ ጎረምሳ ነው የወጣው። እኔና እናቴ ከታች ቀረን። ከቅጠሉ ውስጥ ድምፅ ብቻ ነበር የሚመጣልን።

መጀመሪያ የአባቴ እጅ ቅጠሉን ሲያመሰው ሰማን። ከዚያ፣ «ስንት ጊዜ ሆነው?»

«በምስሉ ላይ ሦስት ዓመት ነው የሚታየኝ፣ አባባ።»

«ሦስት ዓመት።» አባቴ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «በየማለዳው ከስሩ ቆሜ ቀና እላለሁ። አረንጓዴ ነገር ይታየኛል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው እላለሁ። ሰዎች አበባ አወጣ ሲሉኝ፣ እኔም አወጣ እላለሁ። ምን ልበል?»

እናቴ ክንዴን ጨበጠችው። «ያ መነጽር…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሁልጊዜ የሚጠፋው መነጽር፣ «አንቺ አንብቢልኝ» የሚለው፣ ድሮኑን በድምፁ ሲፈልግ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ጉድጓድ የማገኝ ሴት፣ የገዛ አባቴ ዓይን እየደከመ መሆኑን አላየሁም። ዛፉን አላውቀውም ያለው ሰው ላይ ለምን እንደዚያ እንደተቆጣም ገባኝ። ማንጎው ማንጎ ካልሆነ፣ እሱ ማየት አቁሟል ማለት ነው።

«አሁን ምን ይታይዎታል?» አለ ጠፈርተኛው።

«ጽሑፍ ካልሆነ ቅርቡ ይታየኛል። አንተም ትታየኛለህ፤ ፊትህ ሁሉ ላብ ነው። ራቅ ያለው ነው ጭጋግ የሆነብኝ። ለነሱ ግን እንዳትነግር።»

የኔ ሰው መዋሸት አይችልም፤ እዚያ ላይ ሆኖ እንኳ አልቻለም።

«አባባ፣ እየሰሙን ነው መሰለኝ። ከስር ቆመው የለ።»

«እሱንም አላየሁማ» አለ አባቴ። ከዚያ ሁለቱም፣ ላብ በላብ እንደሆኑ፣ ሲስቁ ሰማን። ዛፉ ተነቃነቀ። እናቴ «ኧረ ቀስ!» ብላ ጮኸች፤ እሷም ግን እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

«አንተ ደግሞ ዓይንህን ምን ሆነህ ነው መልሰህ የጨፈንከው?» አለ አባቴ።

«ከፍታ እፈራለሁ።»

«ጠፈርተኛው!»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲህ ግለጠው። እኔ እጅህን ይዤልሃለሁ። ከዚህ ምን እንደሚታይህ ንገረኝ፤ አንድም ሳትጨምር።»

ብዙ ቆየ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ መጀመሪያ እየተቆራረጠ፣ በኋላ እየጠና። ወንዙ ዳር ያለው ባህር ዛፍ ጫፉ አዲስ ቅጠል አውጥቷል አለው። ከጥዶቹ አንዱ ወደ ጎረቤት አጥር አዘንብሏል። በቆሎው በታች በኩል ቀጥ ብሎ አድጓል፣ በላይ በኩል ግን ቀጭጯል፤ ውሃ ሳያንሰው አልቀረም። የቤታችን ጣሪያ ላይ አንድ ቆርቆሮ ተነስቷል። ማዶ መንገዱ ላይ አንድ ሰውዬ ብስክሌቱን እየገፋ ነው። አባቴ «ቀይ ኮፍያ ነው ያደረገው?» አለ። «ቀይ ነው።» «አማቹን ሊጠይቅ እየሄደ ነው» አለ አባቴ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው በሩቅ እንዳየ ሰው ደስ ብሎት። «ቀጥል።»

«እማማ ወንበራቸው አጠገብ ቆመዋል።»

«ልጄስ?»

«ከስራችን ናት። ወደ ላይ እያየች ነው። እያለቀሰች ነው።»

«አዝና ነው ተናዳ?»

ጠፈርተኛው በቅጠሉ ክፍተት ጊዜ ወስዶ አየኝ። እኔም በእንባ ውስጥ እሱን አየሁት፤ ጸጉሩ ላይ ሐረግ፣ ክንዱ ስር ድሮን፣ ሌላው እጁ አባቴ እጅ ውስጥ።

«ከላይ አይለይም» አለ።

«እንግዲያው ምን ትሰራለህ እዚህ? ውረድና ራሷን ጠይቃት» አለ አባቴ። «ስትጠይቃትም ለምን አለቀስሽ ብቻ ብለህ እንዳትመለስ። የመጣህበትንም ጠይቃት። እኔ ፈቅጃለሁ።»

መውረዱንማ አልቻለም። አንዴ ቁልቁል ስላየ ጭራሽ እንደ ሐረጉ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አባቴ ቢጎትተው፣ እናቴ ብትለምነው፣ ንቅንቅ አላለም። ጫማዬን አወለቅሁና መሰላሉን እኔ ወጣሁ።